ጥጥን በሪአክቲቭ ቀለም ለማተም የሚሆን ማወፈሪያ፦ አመራረጥ፣ አዘገጃጀትና ብልሽቶቹ

ሪአክቲቭ ቀለም በውሃ የሚሟሟ ዱቄት ነው። በጥብጣችሁ እንዲሁ ስክሪን (የማተሚያ ወንፊት) ላይ ብታፈሱት ጨርቁ ይመጠዋል፣ ቀለሙም ከሥዕሉ ጠርዝ አልፎ ይሰራጫል። ባለበት የሚያቆመው ማወፈሪያው ነው። ከፒግመንት (በውሃ ከማይሟሟ ቀለም) ወደ ሪአክቲቭ የሚሻገር ሰው የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው። በፒግመንት ሕትመት ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚያጣብቀው ባይንደር ስለሆነ ማወፈሪያው ብዙ አያስጨንቅም። በሪአክቲቭ ባይንደር የለም፤ ቀለሙ ራሱ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ስለዚህ ማወፈሪያው መወፈሩ ብቻ አይበቃም፤ ቀለሙን ከጥጡ ጋር የማይሻማ መሆን አለበት።

ለምን አልጂኔት?

ጥጥ ሴሉሎስ ነው፣ ሴሉሎስ ደግሞ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኙ ቀለሙን ይይዙታል። ችግሩ የበቆሎ ስታርችም ሆነ ቡላ የተሠሩት ከዚያው ከግሉኮስ መሆኑ ነው። ቀለሙ አይመርጥም፤ ከፊሉ ጥጡን፣ ከፊሉ ስታርቹን ይይዛል። ስታርቹን የያዘው በእጥበት ይሄዳል፣ ወይም የከፋው ሲመጣ ከስታርቹ ጋር ተሳስሮ የማይሟሟ ቅርፊት ይሆንና ጨርቁን ግትር አድርጎ ይቀራል። ሲታተም ያምራል፣ ሲደርቅም ያምራል፤ ጉዱ የሚወጣው ሲታጠብ ነው።

ሶዲየም አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ ነው። ስታርች ላይ በጣም ንቁ የሆነው ሃይድሮክሲል በሚገኝበት ቦታ አልጂኔት ላይ ያለው የካርቦክሲል ቡድን ነው። ይህ ቡድን አልካሊ ውስጥ አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል። የሪአክቲቭ ቀለም ሞለኪውልም አሉታዊ ስለሆነ ሁለቱ ይገፋፋሉ። የቀሩት ሃይድሮክሲሎች ከቀለሙ ጋር የሚተሳሰሩት እጅግ በጥቂቱ ነው። ቀለሙ ወደ ጥጡ ይሄዳል፣ ማወፈሪያው በቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል።

እጅ ላይ ያሉት ሌሎቹስ?

ጅማ ላይ ቡላ እንደ ልብ ስለሆነ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ለፒግመንት መለማመጃ ይሆን ይሆናል፤ ለሪአክቲቭ አይሆንም። አብሽ ውሃ ላይ የሚሰጠው ልጋግ ያማልላል፤ ለጥ ያለ፣ ለመጎተት የሚመች ነው። ግን አብሽ ውስጥ ያለው ጋላክቶማናን (ልጋጉን የሚሰጠው ነገር) ከጓር ሙጫ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ንቁ ሃይድሮክሲል ሞልቶታል፣ ቀለም ይበላል፣ ጨርቁንም ያሻክራል። የግራር ሙጫም ለሐርና ለሱፍ ቀለሞች የቆየ አገልግሎት አለው፤ እዚህ ግን አንመክረውም።

ሲኤምሲ (ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ፣ ከሴሉሎስ የሚሠራ ማወፈሪያ) እንደ ዓይነቱ ነው። ለምግብና ለማጣበቂያ የሚሸጠው ተራው ሲኤምሲ ከቀለሙ ጋር ይተሳሰራል። ለሪአክቲቭ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ካርቦክሲሉ የበዛ ሲኤምሲ ደግሞ አለ። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁ ከታች ባለው ሙከራ ፈትኑት።

ለፒግመንት የገዛችሁት ነጭ፣ ወፍራም ሰው ሠራሽ የአክሪሊክ ማወፈሪያ ከቀለሙ ጋር አይተሳሰርም። ድክመቱ ጨው ነው። ሶዳም፣ ቀለሙ ራሱ የያዘው ጨውም ሲገባበት ውፍረቱ ይወድቃል፤ ጠዋት ጥሩ የነበረው ማወፈሪያ ቀለም ሲጨመርበት ዓይናችሁ እያየ ይቀጥናል። በፋብሪካ ከአልጂኔት ጋር እየተቀላቀለ ይሠራበታል። በእጅ ለሚያትም ሰው ግን ንጹሕ አልጂኔት ከጣጣ ነጻ ነው።

ማንኛውንም ያልታወቀ ማወፈሪያ ለመፈተን፦ 50 ግራም የተዘጋጀ ማወፈሪያ፣ 1 ግራም ቀለም፣ 5 ግራም ዩሪያና 1.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሉ። በመስታወት ቁራጭ ላይ በስሱ ቀቡት፣ አድርቁት፣ 20 ደቂቃ በእንፋሎት ያዙት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሟሙቶ መስታወቱን ንጹሕ ካደረገው ማወፈሪያው ይሆናል። አብጦ ባለቀለም ልጋግ ሆኖ መስታወቱ ላይ ከቀረ ቀለሙን በልቶታል። ጥጥ በሌለበት የታየው ጥጥ ላይም አይቀርም።

ስትገዙ ልብ የሚባሉ

አልጂኔት ሲባል ጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ ቅርጽ የሚወስዱበትን ዱቄት የሚያመጣ ሻጭ አለ። እሱ ካልሲየም ሰልፌት የተቀላቀለበት ስለሆነ ውሃ በነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ ለሕትመት ፈጽሞ አይሆንም። የምትፈልጉት ንጹሕ ሶዲየም አልጂኔት ነው፤ ለጨርቅ ሕትመት ወይም ለምግብ የሚሆነው፣ ሁለቱም ይሠራሉ።

አልካሊው ቤኪንግ ሶዳ ነው እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ሱቅ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ይምታታሉ። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ አሲድና ስታርች አለ፤ አሲዱ አልካሊውን ያጠፋዋል፣ ስታርቹ ደግሞ ሸሽታችሁት የመጣችሁት ጠላት ነው።

ዩሪያ የማዳበሪያው ዩሪያ ይሆናል፤ ሟሙቶ በጨርቅ ይጠለል፣ አቧራና ቆሻሻ አያጣም። ዳፕና ኤንፒኤስ ግን ሌላ ማዳበሪያ ናቸው፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን ሳታነቡ አትግዙ።

ውሃው

አልጂኔት ካልሲየም አይወድም። ካልሲየም ያለበት ውሃ ያጓጉለዋል፤ ሲብስም ያረጋዋል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ሳሙና አረፋ የማያወጣበት ከሆነም ጠርጥሩት። ጅማ ዝናቧ ረጅም በመሆኑ እዚህ ቀላል መፍትሔ አለ፦ ከታጠበ ቆርቆሮ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ከቧንቧም የተሻለ ይሠራል። ያ ከሌለ ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ጨምሩ፤ ካልሲየሙን ይዞ ከአልጂኔቱ ያርቀዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ሸብ ወይም ኖራ የነካው ዕቃና ማንኪያም ከማወፈሪያው ይራቅ፤ አሲድም አሉሚኒየምም ያረጉታል።

ዋናውን ማወፈሪያ ማዘጋጀት

ለ1 ኪሎ፦ ውሃ 942 ግራም፣ ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት 8 ግራም፣ ሶዲየም አልጂኔት 50 ግራም። ይህ 5 በመቶ ነው፣ ለመካከለኛ ውፍረት አልጂኔት የሚስማማ። የአልጂኔቱ ዓይነት ካልተጻፈበት መጀመሪያ 100 ግራም ብቻ በ5 በመቶ ሠርታችሁ እዩት። ማንኪያ ካቆመ ከፍተኛ ውፍረት ያለው ነው፤ ወደ 3 ወይም 4 በመቶ አውርዱት። ውሃ ውሃ ካለ ዝቅተኛው ነው፤ 8 እስከ 10 በመቶ ይፈልጋል። ዝቅተኛው ዱቄት ይበላል፣ የሚያወጣው ግን ለጥ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ከፍተኛው ወጪ ይቀንሳል፣ ሲታጠብም ቶሎ ይለቃል።

ሄክሳሜታፎስፌቱን በሞቀ ውሃ አሟሙታችሁ አቀዝቅዙት። ውሃውን በእንጨት ወይም በማደባለቂያ እያሽከረከራችሁ፣ በሚዞረው መሀል አልጂኔቱን በስሱ እየነሰነሳችሁ ጨምሩ። መፍጠን የለም። በአንዴ የፈሰሰ ዱቄት ውጪው ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ እንክብል ይሠራል፤ ያንን እንክብል በኋላ ምንም ማማሰል አይፈታውም። ፍርሃት ካለባችሁ ዱቄቱን አስቀድማችሁ በ30 ሚሊ ሊትር አልኮል አርጥቡትና ያን ያህል ውሃ ቀንሱ። 10 ደቂቃ ካማሰላችሁ በኋላ ክደኑትና ይደር። በነጋው በናይሎን ካልሲ አጥልሉት። አታፍሉት፤ ለረጅም ጊዜ የሞቀ አልጂኔት ይቀጥናል።

ጥሩ ማወፈሪያ ከማንኪያ ላይ ሲፈስ ሳይቆራረጥ እንደ ማር ክር ይሠራል። ዓይን ግን ያታልላል፤ የተሻለው ሰዓት ነው። የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ ክዳኑን በጋለ ምስማር 5 ሚሊ ሜትር ቅደዱት። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ገልብጡት፣ 200 ሚሊ ሊትር ሙሉበት፣ ልቀቁና ሰዓት ያዙ። በደንብ ባተመው ቀን የወሰደውን ሰከንድ ጻፉ፤ ቀጣዩ ማወፈሪያ ወደዚያ ቁጥር እንዲመጣ አስተካክሉ። ቪስኮሜትር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለሌለው ሰው ይህ ይበቃል።

ማወፈሪያው ባክቴሪያ ይወዳል። ክፍል ውስጥ ሲቆይ ይሸታል፣ ውሃ ይሆናል። በፍሪጅ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ያ ፍሪጅ ግን የምግብ አይሁን።

የቀለሙ ፔስት

ለ500 ግራም ፔስት (የሚታተመው ወፍራም የቀለም ድብልቅ)፦

ቀለም 10 ግራም
ዩሪያ 75 ግራም
ሬዚስት ሶልት (ሶዲየም ኤም-ናይትሮቤንዚን ሰልፎኔት) 5 ግራም
ሙቅ ውሃ 145 ግራም
5 በመቶ አልጂኔት 250 ግራም
ቤኪንግ ሶዳ 15 ግራም

ለቀላል ድምቀት ቀለሙን ወደ 5 ግራም አውርዱ። ለጥቁር 20 እና 25 ግራምም ይፈልጋል። የቀለሙ መጠን ሲለወጥ ልዩነቱን ከውሃው ላይ ጨምሩ ወይም ቀንሱ፣ ድምሩ ሁልጊዜ 500 ይሁን። በ0.1 ግራም የሚመዝን ሚዛን የግድ ነው፤ በማንኪያ የተለካ ቀለም ሁለተኛ አይደገምም። ዱቄቱን ስትመዝኑ ጭንብል አድርጉ፤ የሪአክቲቭ ቀለም ብናኝ ሳንባን አለርጂ ያደርጋል፣ አንዴ የጀመረው ደግሞ በኋላ በትንሹም ይነሳበታል።

ዩሪያውንና ሬዚስት ሶልቱን በ60 ወይም 70 ዲግሪ ውሃ አሟሙ። ዩሪያ ውሃውን በጣም ስለሚያቀዘቅዘው ትንሽ መጠበቅ አለ። ከዚያ ቀለሙን ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ። ፕሮሲዮን ኤምኤክስ የመሰለ ቶሎ የሚሠራ ቀለም ከሆነ ግን ውሃው ከ40 ዲግሪ አይለፍ፤ ሙቀቱ ቀለሙን ገና ጨርቅ ሳይነካ ከውሃው ጋር ያስተሳስረዋል። የሟሟውን ቀለም ወደ አልጂኔቱ አፍሱና አማስሉ፣ ተጠልሎ ይቀዝቅዝ። ቤኪንግ ሶዳው የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ለማተም ስትነሱ ነው።

ለምን ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) አልሆነም? ሶዳ አሽ ወዲያው ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ ፔስቱ ድስት ውስጥ እያለ ቀለሙን ማባከን ይጀምራል። ቤኪንግ ሶዳ ግን በቀዝቃዛው ደካማ ነው፤ እንፋሎት ሲያገኝ ተበትኖ ሶዳ አሽ ይሆናል፣ ማለትም የሚበረታው ጨርቁ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሬዚስት ሶልቱ በእንፋሎት ጊዜ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ይጠብቃል። ዩሪያ ደግሞ እርጥበት ስቦ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ይረዳል፣ ስክሪኑም ቶሎ እንዳይደፈን ያደርጋል።

ጨርቁ

አዲስ አቡጀዲ ስታርች የተቀባ ነው፤ ከታች ያለው ስታርች ከላይ እንዳለው ሁሉ ቀለም ይሻማል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የቁስል አዮዲን አንድ ጠብታ ጣሉበት፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለ። በሊትር 3 ግራም ሶዳ አሽና 2 ግራም ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቀቅሉ፣ እጠቡ፣ አዮዲኑን ድገሙ። አንድ ጊዜ ካልለቀቀ ሁለተኛ ይቀቀላል። ማለስለሻ አትጨምሩ። የሸማኔ ጥጥም ድሩ ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል በዚሁ መንገድ ይፈተን።

ማተምና ማድረቅ

በሴንቲሜትር 43 ክር ያለው ስክሪን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ቀጭን መስመር ካለ 55 ውሰዱ። የስክሪኑ ኢመልሽን (ሥዕሉን የሚቀርጸው ሽፋን) ውሃ የሚቋቋም ይሁን፣ አለበለዚያ በጥቂት ጉተታ ይላጣል። ሙሉ በሙሉ ቀለም የሚሸፍነው አንድ ሜትር ካሬ ከ100 እስከ 200 ግራም ፔስት ይወስዳል፤ ለክፍት ሥዕል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካተማችሁ በኋላ በጥላ አድርቁ። እርጥብ እያለ የታጠፈ ወይም እንፋሎት የገባ ጨርቅ ጠርዙ ይፈሳል።

እንፋሎት በጅማ ከፍታ

መመሪያዎች 100 ወይም 102 ዲግሪ እንፋሎት ለ8 እስከ 10 ደቂቃ ይላሉ። ያ ለፋብሪካ ማሽን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በርሜል ውስጥ የሚነሳው እንፋሎትም ከዚያ አይሞቅም። ቀለሙ የሚተሳሰረው በሙቀትና በጊዜ ስለሆነ የጎደለውን ሙቀት በጊዜ ትክሱታላችሁ። ቀስ ብለው ለሚተሳሰሩት የሞኖክሎሮትራያዚን ቀለሞች 30 ደቂቃ፣ ሬማዞልን ለመሰሉት የቪኒል ሰልፎን ቀለሞች 20 ደቂቃ ጀምሩ፤ ኤምኤክስ በ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ትክክለኛውን ለማወቅ ከአንድ ሕትመት ሦስት ቁራጭ ቁረጡ፤ 15፣ 30 እና 45 ደቂቃ ያዙና አጥባችሁ አስተያዩ። 30 እና 45 አንድ ዓይነት ከሆኑ 30 ይበቃል።

ጨርቁን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ከውሃው ከፍ ባለ ወንፊት ላይ አስቀምጡት። ከክዳኑ ሥር ወፍራም ጨርቅ ደርቡበት፤ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ የሚንጠባጠበው ውሃ የቀለም ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሠራል። ለትንሽ ቁራጭ ፕሬዠር ኩከር ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ኤምኤክስ ያለ እንፋሎትም ይሆናል፦ የታተመውን ጤዛ እያለው በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሙቅ ቦታ 24 ሰዓት ማቆየት። ሁኔታው ግን ሙቀትና እርጥበት ነው። በህዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ አየሩም ስለሚደርቅ፣ ሥራው በግማሽ ይቆማል። በዚያ ወቅት እንፋሎቱ ይሻላል።

እጥበቱ

መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ብዙና የሚፈስ ውሃ፤ ማወፈሪያውና ያልተሳሰረው ቀለም ካልወጡ ሙቅ አይነካውም። ቀጥሎ 60 ዲግሪ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በሊትር 2 ግራም ፈሳሽ ሳሙና ባለበት በሚፈላ ውሃ 10 ወይም 15 ደቂቃ። ውሃው ጥርት እስኪል ድገሙ። ፍተሻው፦ እርጥቡን ሕትመት ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ትኩስ ካውያ ጫኑበት፤ ነጩ ከቀላ ወይም ከሰማየ እጥበቱ አላበቃም። ለደንበኛም በረኪና እንዳያስነካ ንገሩ፤ ክሎሪን ሪአክቲቭ ቀለምን ያጠፋል። የመጀመሪያው እጥበት ውሃ ቀለምም ዩሪያም የተሞላ ነውና በቀጥታ ወደ አዌቱ ወንዝ አይለቀቅ።

ሲበላሽ

ከእጥበት በኋላ ጨርቁ ግትር ሆኖ ቀረ፦ ወይ ማወፈሪያው ከቀለሙ ጋር ተሳስሯል፣ ወይ አልጂኔቱ በእጥበቱ ውሃ ካልሲየም ረግቷል። ሁለቱን ለመለየት ቁራጩን በሊትር 5 ግራም ሄክሳሜታፎስፌት ባለበት ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ንከሩ። ከለሰለሰ ጥፋቱ የውሃው ነበር፣ ሙሉውንም እንዲሁ ማዳን ይቻላል። ካልለሰለሰ ማወፈሪያው ነውና ማዳኛ የለውም።

ጠርዙ ተሰራጨ፦ ፔስቱ ቀጥኗል፣ ወይም ዩሪያው በዝቷል። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ዩሪያው ከሚገባው በላይ ውሃ ይስባል፤ 75 የነበረውን ወደ 50 ግራም አውርዱት። በበጋ ስክሪን ከደፈነ ወደ 75 መልሱት።

ቀለሙ ሲታጠብ ደበዘዘ፦ መጀመሪያ ቤኪንግ ሶዳ ገብቶ እንደነበር አጣሩ፤ መዘንጋቱ የተለመደ ነው። ከዚያ የእንፋሎቱን ጊዜ፣ ከዚያ የጨርቁን ስታርች። ቱርኩዋዝ (አረንጓዴ ያዘለው ሰማያዊ) ብቻ ከደበዘዘ ግን ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ወደ ክሩ ለመግባት ይዘገያል። ዩሪያውን ወደ 90 ግራም፣ እንፋሎቱን ወደ 45 ደቂቃ ከፍ አድርጉለት።

ጥቁር ወይም ደማቅ ነጥብ ተረጨበት፦ ያልሟሟ ቀለም ነው። ባዶ ነጥብ ከሆነ ደግሞ የአልጂኔት እንክብል ስክሪኑን ደፍኖታል። ሁለቱም ማጥለልን በመዝለል የሚመጡ ናቸው።

ነጩ ሜዳ ቀላ ወይም ሰማየ፦ እጥበቱ በሙቅ ተጀምሯል፣ ወይም ጨርቆች ተቆልለው ውሃ ውስጥ ቆይተዋል። ደጋግሞ በሚፈላ ሳሙና ማጠብ አብዛኛውን ያወጣዋል።

የተረፈ ፔስት፦ ቤኪንግ ሶዳ የገባበት ኤምኤክስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል፤ ሬማዞል ለነገ ይደርስ ይሆናል፤ ሞኖክሎሮትራያዚን ለቀናት ይቆያል። ሶዳ ያልገባበት ግን በፍሪጅ አንድ ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ ሶዳውን በሙሉው ፔስት ላይ ሳይሆን የዕለቱን ያህል ብቻ ቀድታችሁ፣ በ100 ግራም 3 ግራም ሒሳብ፣ በተለየ ዕቃ ጨምሩ፤ ዕቃው ላይም ቀኑንና ሶዳ መግባት አለመግባቱን ጻፉበት፤ ሁለቱን ፔስት ዓይን አይለያቸውም።